ገና ላልመጣው ባቡር መሬት ስጠይቅ

ዛሬ መካነ ሰላም ከተማ፣ አዳራሽ ውስጥ "ለከተማ ባቡር የሚሆን መስመር ባዶውን እናቆይ" ብዬ ስናገር፣ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

የከተማችንን አዲስ ፕላን ከሚያዘጋጁት አንዱ ነኝ። ስብሰባው የተጠራው ነዋሪው አስተያየት እንዲሰጥበት ነበር።

"አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ የመኪናውን መንገድ ጨርሱልን" አሉኝ አንድ አባት። እውነታቸውን ነው። እኔም ጠዋት ከመስክ ሥራ የመጣሁት የጭነት መኪና ላይ ተጭኜ፣ አቧራ ስቅም ነው።

ግን አልተቀመጥኩም።

"አባቴ፣ ታቦት ወደ ጥምቀተ ባሕር በሚወርድበት መንገድ ላይ አጥሩን የገፋ ሰው አለ?"

"ማን ደፍሮ" አሉ።

"በዓመት አንዴ ለሚወርድ ታቦት መንገዱን ጠብቃችሁ ኖራችኋል። ለልጅ ልጆቻችሁም አንድ መስመር መጠበቅ አያቅታችሁም። ባቡሩ ነገ ይምጣ አላልኩም፤ ቤት አትሥሩበት ነው ያልኩት።"

ሳቁ ቆመ። ሽማግሌው "እንግዲያው ችካሉን ቶሎ ትከል" አሉኝ። "ቀድሞ የሚያጥርበት የኔው ልጅ ነው።"

አሁንም የሚስቅ ይሳቅ። መስመሩን ከካርታው ላይ አላነሳም።

እናንተ ከተማ ውስጥስ "ለምን ይጠቅማል" ተብሎ ተሸንሽኖ ያለቀ፣ ዛሬ የሚቆጫችሁ ቦታ የቱ ነው? ጻፉልኝ። እኔ ነገ ጠዋት ችካል እተክላለሁ።