ምርቃት ሳይደርስ መነሳት

ሮቤ ውስጥ አባቴ አቶ ለታ ያልተጠራበት ሽምግልና አልነበረም። ኋላ ግን ምርቃት ሳይደርስ ብድግ ብሎ መውጣት አበዛ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ ገብረ መድኅን "ለታ ሽማግሌ ይንቃል" ብለው ከሽምግልና አስቀሩት። የፓርኪንሰን ሕመም እጁን ከማንቀጥቀጡ ሌላ ሽንት መቋጠር እንደከለከለው ማንም አላወቀም። እሱስ በየት አፉ ይናገረው?

ሕንድ ወስደነው አንጎሉ ውስጥ ቀጭን ሽቦ፣ ደረቱ ውስጥ ባትሪ ተቀበረለት። ሐኪሙ "ዋናው ለእጁ ነው፤ ሽንቱ ለአንዳንዱ ይሻለዋል፣ ለአንዳንዱ አይሻለውም" ብሎን ነበር። አባቴን ሽንቱም ተሻለው። ጠያቂው ሁሉ ግን እጁን ብቻ አይቶ ተመለሰ።

ባለፈው ሳምንት እነዚያው ሽማግሌዎች "ሕመም ትሕትና አስተምሮታል" ብለው ለአንድ የእርሻ ድንበር ጠብ ሮቤ አጠገብ ወዳለችው ሲናና ጠሩት። ንዴቴን ውጬ አደረስኩትና ከዳር ቆምኩ። ነገሩ ረዘመ። አባቴ ንቅንቅ ሳይል ሌሎቹ ተራ በተራ ለሽንት ወደ አጥሩ ጀርባ ሄዱ። በመጨረሻ አቶ ገብረ መድኅን ቀበቷቸውን እያጠበቁ ሲመለሱ አባቴ ቀና ብሎ አያቸው።

"ይቀመጡ" አላቸው። "እኔ ሽማግሌ ናቁ አልልዎትም።"