ባለ ሦስት ጎማው ቀለበት

ባለፈው ሳምንት ሳሪስ አቦ አካባቢ በአንድ አናጢ ቤት በራፍ ሳልፍ አዲስ የተላገ የወይራ እንጨት ሽታ መጣብኝና እግሬን ያዘው። ቆሜ ስምግ አናጢው የምገዛ መስሎት ወንበር አቀረበልኝ፤ እኔ ግን ሐሳቤ አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካለው ግቢያችን፣ ከአባቴ ቶርኖ አጠገብ ደርሶ ነበር።

አባዬ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቀጠቅጥ ውሎ ሲመለስ እንጨት ካልነካካ የዋለ የማይመስለው ሰው ነበር። አንድ ዓመት ግንቦት ላይ፣ እማዬ ጠበል ሄዳ ሳለች፣ ቡሬ የምንላትን ላማችንን ሸጦ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ግሪክ አናጢ በእግር የሚዘወር፣ እንጨት እያሽከረከሩ የሚቀርጹበት ቶርኖ ገዝቶ ጠበቃት። እማዬ ስትመለስ ባዶውን በረት አየች፣ ቶርኖውን አየች፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጓዳ ገባች፣ ከዚያ ቀን ጀምሮም አላናገረችውም።

ክረምቱን በሙሉ መልእክተኛቸው እኔ ነበርኩ። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በአንድ ገበታ ቀርበን እያለን እማዬ «አባትሽን ወጥ ይጨመርልህ ወይ በዪው» ትለኛለች፣ እሱም እየሰማት «በቃኝ በያት» ይለኛል፣ እኔም በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ቃላቸውን አመላልስ ነበር። መጀመሪያ ሹመት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሐምሌ ሲገባ ሰለቸኝ፤ ነሐሴ ላይ ግን ፈራሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ጎረቤታችን ቤት ግን ጠቡ በእንዲህ ያለ ዝምታ ተጀምሮ እናትየው ልጆቿን ይዛ አገሯ ስትገባ በዓይኔ አይቼ ነበር። ስለዚህ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ በዋለባቸው ቀናት ሁሉ፣ የእማዬ የልብስ ሻንጣ ከአልጋው ሥር አለመነሳቱን ጎንበስ እያልኩ አረጋግጥ ነበር።

ከቶርኖው ጋር አንድ ሣጥን ሙሉ ዕቃ መጥቶ ነበር። አባዬ አብዛኛውን እየሞከረ ለምን እንደሚሆን ደረሰበት፤ አንዱ ግን እንቆቅልሽ ሆነበት። እግር ያለው የብረት ቀለበት ነው፤ ወደ ውስጥ የዞሩ፣ ሲገፏቸው ወደ መሐል የሚጠጉ ሦስት ትንንሽ ጎማዎች አሉት፣ ላይኛው ግማሹም እንደ በር ይከፈታል። «ጎማ መሬት ካልነካ ምን ይሠራል? ቀለበትስ ለምን ይከፈታል?» እያለ ይዞት ይዞር ነበር። የባቡር መካኒኩ ጋሽ መኮንን ገመድ መጎተቻ ነው አሉት፣ የፋብሪካው ዘበኛ ቧንቧ ማሰሪያ ነው አለው፣ የሰፈራችን ቄስ ሳይቀሩ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው ካዩት በኋላ «ግሪኩ ረስቶት ይሆናል» ብለው መለሱለት። መላ ሲጠፋለት ግቢ ውስጥ ጣለው። እማዬ እንስራ የምታስቀምጥበት ማቶቷ ተሰብሮባት ስለነበር አነሳችውና በሦስት ድንጋይ ላይ አስተኝታ የውሃ እንስራዋን አስቀመጠችበት፤ ልክክ አለ።

ጥቅምት ላይ የደብራችን አለቃ ለጥምቀት አሥራ ሁለት መቋሚያ አዘዙት። አባዬ ደስታውን መቻል አቅቶት «እናትሽን ሥራ መጣ በያት» አለኝ፤ እሷም «እሰይ በዪው» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። ይህ ሥራ ከሠመረለት ቡሬ በከንቱ አልተሸጠችም ማለት ነበር፤ ካልሠመረለት ደግሞ ሻንጣው እንደሚነሳ እርግጠኛ ነበርኩ። አልሠመረለትም። ረጅሙ ቀጭን ወይራ ሁለት ጫፉ ተይዞ ሲዞር ወገቡ ይርገበገባል፣ መሮው ሲነካው ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እስከ ገና ድረስ ሰባት ሰበረ።

የገና ማግስት ከሰዓት በኋላ ስምንተኛው ተሰበረ። አባዬ መሮውን አስቀምጦ ስብርባሪው ላይ ተቀመጠ፤ እማዬ በራፉ ላይ እንስራ ታጥብ ነበር። መልእክት ይሰጠኛል ብዬ ስጠብቅ፣ በእኔ ላይ አሻግሮ እሷን አያት።

«አንቺስ ምን ይመስልሻል?» አላት።

እኔ ወደ እማዬ ዞሬ «አንቺስ ምን...» ብዬ ላደርስ ስጀምር በእርጥብ እጇ አፌን ያዘችኝ። እንስራውን አንስታ ግድግዳ አስደገፈችው፣ ቀለበቱን አምጥታ ቶርኖው መካከል አቆመችው፣ ከፈተችው፣ አዲስ ዘንግ አስገብታ ዘጋችውና ጎማዎቹን ወደ መሐል ገፋቻቸው። ሦስቱ ጎማዎች የእንጨቱን ወገብ ያዙት።

«እንስራዬን ባጠብኩ ቁጥር በውስጡ ይዞራል» አለችው። «የሚዞር ነገር ለመያዝ ነው የተሠራው። የሚከፈተውም እንጨቱን ለማስገባት ነዋ።»

አባዬ ጎማዎቹን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከነሐሴ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አቃቂን በሙሉ ጠየቅህ፣ ዘበኛውን ሳይቀር። እኔን መቼ ጠየቅኸኝ? ቡሬንስ ስትሸጥ ጠይቀኸኝ ነበር?»

አባዬ ከስብርባሪው ላይ ተነሳ። ከዚያ «አልጠየቅኩሽም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አላት፣ እንደ ልጅ አቀርቅሮ። እማዬ መሮውን አንስታ አቀበለችው። አባዬ ቶርኖውን ሲዘውር ዘንጉ ሳይርገበገብ ዞረ፣ የወይራው ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ እግራችን ሥር ወደቀ፣ እኔም ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ። ለጥምቀት አሥራ ሁለቱም ደረሱ። እኔ ከሹመቴ ተሻርኩ፤ እንደ እኔ በመሻሩ ደስ ያለው ሹም ያለ አይመስለኝም።

ዛሬ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፣ ሳያማክረኝ የሸጠው ነገርም የለም፤ ብቻ የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ስልኩን ይጠይቃል፣ ስልኩም ወዲያው ይመልስለታል። ትናንት የልብስ ማጠቢያችን ማሽን መንጫጫት ጀመረና፣ መሬት ላይ ተቀምጦ ስልኩ ላይ አንዱን ቪዲዮ ዘግቶ ሌላውን ይከፍት ነበር። እኔ የሐዲድ ጠጋኙ ልጅ የቱ ቡሎን እንደላላ ከድምፁ አውቄዋለሁ፤ ግን እንደ እማዬ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ ቀና ብሎ እስኪጠይቀኝ ጠበቅኩት።