የቫልማ የአጨዳ መዝጊያ ግብዣ

በስንዴ መንደራችን በኩላሪ የመጨረሻው የስንዴ መኪና ጭኖ ከሄደ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ቅዳሜ የቫልማ ሹልትዝ ነው። ቀን የሚቆርጥ የለም። ማጨጃ ማሽኖቹ ዝም ሲሉ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሸሚዙን ይተኩሳል፣ ወንበሩን መኪናው ላይ ይጭናል፣ ወደ ቫልማ ግቢ ይነዳል። አርባ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረናል። ድርቅ ሆኖ አንድ ጆንያ እንኳ ያላስገባንባቸው ዓመታት ነበሩ። ያኔም ግብዣው አልቀረም፤ «ያላጨዳችሁትንም ቢሆን እንዘጋዋለን» ትል ነበር።

እኔ ኮል እባላለሁ፤ ጎረቤቷ ነኝ። ባሏ ክላሪ ከሞተ ወዲህ መሬቷን የማርሰውም እኔ ነኝ። ጎረቤት ስል አጥራችን አንድ ነው ለማለት ነው እንጂ ከደጄ እስከ ደጇ በመኪና አምስት ደቂቃ ያስኬዳል።

ቫልማ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አጭር ናት፤ ክንዷ ወፍራም ነው፤ ድምፅዋ ከስንዴ ጎተራው ማዶ ይሰማል። ሰው መጋበዝን እንደ ጨዋታ አይታው አታውቅም። ሳምንት ሲቀረው ስልኩን ታነሳና እያንዳንዱ ምን ይዞ እንደሚመጣ ታዛለች። «ዶት፣ የድንች ሰላጣ። ሽንኩርቱን ቀንሺ፤ ባለፈው ሰው ሁሉ ሲያገሳ ነው ያመሸው።» የዶት ባል ኸርብ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ ለሱም ትእዛዝ አለው፦ «ጸሎቱን አሳጥረው፤ ቀዝቃዛው ሥጋ ይሞቃል።» ለእኔ ሁልጊዜ ያው ነው። «አንተ በረዶ አምጣ። ከበረዶ ሌላ ምንም እንዳትነካ።» ሚስቴ ጥላኝ የሄደች ዓመት የሠራሁትን ሰላጣ አንዴ ቀምሳዋለች፤ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም።

ፓቭሎቫ ግን የሷ ብቻ ነው። የእንቁላል ነጭ ከስኳር ጋር ተመትቶ፣ በቀስታ እሳት ተጋግሮ፣ ክሬም ተቀብቶ፣ ላዩ ላይ የእንጆሪ ማርማላታ ይፈስበታል። ቫልማ ባለችበት ጠረጴዛ ላይ ሌላ ሰው ፓቭሎቫ አያቀርብም። ይህን የደነገገ የለም፤ ዶት ግን ገና ሙሽራ ሳለች ሳታውቅ አንድ ይዛ መጥታ ነበር። ቫልማ አየችው፣ «ያምራል፤ ለልጆቹ እናስቀምጥላቸው» አለችና ወስዳ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ ወዲህ የደፈረ የለም።

ከሁለት ዓመት በፊት መንገድ ዳር የተተከለውን የፖስታ ሳጥኔን በመኪናዋ ገጭታ ጣለችው። ቆማም አላየችም። በማግስቱ ሳጥኑን ስተክል አልፋ «ምን ሆነብህ?» ስትለኝ «ነፋስ ነው የጣለው» አልኳት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ዶት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመዝሙር መጽሐፉን ገልብጣ ይዛ ስትዘምር አይታታለች፤ ቃሉን ስለምታውቀው አንድም አልሳተችም። ዶት ይህን ለባሏ ነገረች፣ ኸርብ ለኔ ነገረኝ፣ ሁላችንም ለሷ ሳንነግራት ቀረን።

አምና ደግሞ ፓቭሎቫዋን ስታመጣ ላዩ በጣም ቀይ ሆኖ ታየኝ። ጎረስኩ። የቲማቲም ድልህ ነበር። ሽንኩርትና ኮምጣጤ ያለበት፣ በየዓመቱ የምታዘጋጀው ድልህ፤ የምታስቀምጠው ማርማላታው በሚቀመጥበት ዓይነት ጠርሙስ ውስጥ ነው። ቀና ብዬ ሰዉን አየሁ። አርባ ሰው ፓቭሎቫ በቲማቲም ድልህ እያኘከ፣ ዐይኑ እንባ አቅርሮ፣ «ግሩም ነው ቫል!» እያለ ነበር። እኔም አልኩ። እዚህ አገር ሰውን በራሱ ጠረጴዛ ላይ ማሳፈር እርሻውን ከማቃጠል አይተናነስም።

ዘንድሮ ግብዣው ሳምንት ሲቀረው ደወለችልኝ። ስለ በረዶው መስሎኝ «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አልኩ።

«ዝም በልና ስማኝ። ጄኒን ትመጣለች።»

ጄኒን ልጇ ናት፤ ሜልበርን ነው የምትኖረው።

«ምነው፣ በደህና?»

«ዐይኔን ትንሽ አሞኝ በኅዳር ሐኪም ዘንድ ወስዳኝ ነበር። አሁን ቤቱን ዝጊና እኔ ጋ ነይ እያለችኝ ነው። ቅዳሜን አይታ ነው የምትወስነው። አርባ ሰው ማስተናገድ ከቻልኩ ብቻዬን መኖርም እችላለሁ ብያታለሁ፤ እሺ ብላለች። ስለዚህ ቅዳሜ አንድ ነገር እንዳይበላሽብኝ። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ለማንም እንዳትተነፍስ።»

ለማንም አልተነፈስኩም። ያች ሴት ከዚያ ቤት ብትሄድ ግን ኩላሪ ውስጥ ምን ይቀረኛል? በማርማላታው እንደገና ብትሳሳትስ? ጄኒን ድልሁን ብትቀምሰውስ? አርብ ዕለት መጋረጃውን ዘግቼ ስምንት እንቁላል ሰበርኩ። አርባ ዓመት ስንዴ ያጨድኩ ሰውዬ የእንቁላል ነጭ ስመታ ዋልኩ። የመጀመሪያው እንደ ላም እበት ተነጠፈ፣ ሁለተኛው ተቃጠለ። ሦስተኛው ቆመ። በጨርቅ ሸፍኜ ከበረዶው ጋር ጫንኩት። ነገር ከተበላሸ ቀስ ብዬ እቀይራለሁ፣ የሚያውቅ የለም ብዬ።

ጥር እዚህ የሙቀት ወር ነው፤ ቅዳሜ አርባ ሁለት ዲግሪ ሆነ፤ የበረሃው ትኩስ ነፋስ ከሰሜን ነው የሚነፍሰው። እንዲህ ባለ ቀን ሰደድ እሳት እንዳይነሳ ክብሪት መጫር ክልክል ስለሆነ የሚጠበስ ነገር አልነበረም። ቀዝቃዛ ሥጋ፣ ቀይ ሥር፣ ዳቦ፣ ሰላጣ ነው። የጣውላ ጠረጴዛዎቹ ቁንዶ በርበሬው ዛፍ ሥር ተዘርግተዋል። ሁሉም ሰው ሳህኑን ከዝንብ ሸፍኖ እያመጣ ያስቀምጣል፤ እኔም አስቀመጥኩ፣ ሰው ሳያየኝ፣ በጣፋጩ በኩል። በጣፋጩ በኩል ዘንድሮ ሳህን በዛ ብዬ አስቤ ነበር። ከዚያ በላይ አላሰብኩም።

ቫልማ አምራለች። ሰውን ሁሉ በድምፁ እየለየች በስሙ ትጠራለች፣ ትቀልዳለች፣ ትቆጣለች። ጄኒን በረንዳው ላይ ቆማ እናቷን ስታይ ፊቷ ትንሽ ፈታ ማለቱን አየሁ። ከዚያ ቫልማ ራሷ ፓቭሎቫዋን በሁለት እጇ ይዛ ከወጥ ቤት ወጣች። ደረጃውን በእግሯ እየዳሰሰች ወረደች፤ አልወደቀችም። ከላዩ ያለው ማርማላታ ነበር። በኋላ እንደነገረችኝ ጠርሙሶቹን ሁሉ ከፍታ አሽትታቸዋለች።

ኸርብ ጸሎቱን እንደታዘዘው አሳጠረ። አሜን ሲባል ሁሉም የየሳህኑን መሸፈኛ አነሳ።

ጣፋጩ ያለበት ወገን ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆነ። አሥራ አንድ ፓቭሎቫ፤ ከቫልማ ጋር አሥራ ሁለት። የዶት አለ፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛዋ አለ፣ የፓስተሩም አለ። እያንዳንዱ ያምናው እንዳይደገም ብሎ፣ መጋረጃውን ዘግቶ፣ ለጎረቤቱ ሳይናገር፣ ቫልማን ለማዳን እንቁላል ሲመታ አድሯል። ማንም ማንንም ማየት አቃተው።

«ምን ዝም ያሰኛችኋል?» አለች ቫልማ። «ዝንብ ገባበት እንዴ?»

ጄኒን በጣቷ ቆጠረች። «እማዬ፣ እዚህ አሥራ ሁለት ፓቭሎቫ አለ።»

«አሥራ ሁለት?»

«ያንቺን ጨምሮ።»

ቫልማ ነገር የሚዘገይባት ሰው አይደለችም። እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ያልደረቀ ይመስል ደግማ ጠረገች። «አምና ምን አበላኋችሁ?» አለች።

ዶት የሳህኗን መሸፈኛ ማጠፍ ጀመረች።

«ኮል፣ አንተን ነው።»

«የቲማቲም ድልህ» አልኩ። «በማርማላታው ፈንታ።»

«በላችሁት?»

«በላነው።»

«ኸርብማ ጨምሩልኝ ብሏል» አለች ዶት።

«ኸርብ!»

«ምን ላድርግ ቫል» አለ ኸርብ፣ «እያየሽኝ መስሎኝ።»

አንድ ሰው አመለጠውና ሳቀ፤ ቫልማም ሳቀች፤ ከዚያ ሰዉ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ያልሳቀችው ጄኒን ብቻ ናት።

«አምና በጥር?» አለች። «ለሐኪሙ በመስከረም ነው የጀመረኝ ብላው ነበር እኮ።» ዞር ብላ አየችኝ። ልጅ ሳለች ትራክተር ላይ አስቀምጬ ያዞርኳት ልጅ ናት። «ኮል፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቁት?»

«ከካቻምና» አልኩ።

ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። በቀስታ ነው የተናገረችው። «ግራ ዐይኗ በጊዜው ቢታይ ኖሮ ይተርፍ ነበር ብሎኛል ሐኪሙ። አሁን አይመለስም። ቀኙን ነው በየወሩ መርፌ እየተወጋች የምታቆየው። ይኸ ሁሉ ሰው ሁለት ዓመት ሲያያት ከርሞ አንድ ስልክ የሚደውልልኝ ይጥፋ?»

«ቅር እንዳይላት ብለን ነው» አለች ዶት። እኔም ይህንኑ ልል ነበር። ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው አፈርኩበት።

«ተያቸው» አለች ቫልማ። «ቢነግሩኝ ኖሮ በመጥረጊያ ነበር የማባርራቸው።»

«ይባረሩ ነበራ» አለች ልጇ።

ቫልማ ወንበሯን ፈልጋ ተቀመጠች። «በሉ ብሉ» አለች። «ሁሉንም። አንድ ፓቭሎቫ ተርፎ እንዳላይ።» «እንዳላይ» ስትል ማንም ቀና አላለም። በላን። አሥራ ሁለቱንም ቀመስኩ፤ የሷን የሚያህል አልነበረም። እኛ በመጠባበቂያ ያመጣነው ባይኖር ጄኒን የሷን በልታ፣ እናቷን ስማ፣ እሑድ ወደ ከተማዋ ትመለስ ነበር። አበላሽታ እንዳታፍር ብለን አሳፈርናት። ደግሞ እውነቱ የወጣውም በዚሁ ነው፤ የትኛውን ልጸጸትበት እስካሁን አላወቅሁም።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ሰው ሳህኑን ሰብስቦ ሄደ። ጄኒን ወጥ ቤት ዕቃ ታጥባለች። እኔና ቫልማ በረንዳው ላይ ተቀመጥን። የታጨደው ማሳ እስከ አድማስ ቢጫ ነው፤ እሷ ፊቷን ወደዚያ አዙራለች።

«ጄኒን ምን አለችኝ መሰለህ?» አለች። «ስትሳሳቺ የሚነግርሽ ሰው ካለ ኑሪ፣ አልከለክልሽም አለችኝ። ማንን ልጥራላት?»

«እኔን» ልል አፌን ከፈትኩና የፖስታ ሳጥኑ ትዝ አለኝ።

«ኮል።»

«አቤት።»

«እንዳትዋሸኝ። እዚህ ቤት ብቻዬን መኖር እችላለሁ?»

ምን ማለት እንደምፈልግ አውቃለሁ። ትችያለሽ፣ እኔ አለሁልሽ፣ ጠዋት ማታ ብቅ እላለሁ። ጠዋት ማታ ብቅ እንደማልል ግን አውቃለሁ፤ በዘርና በአጨዳ ወራት ራሴንም አላገኘውም።

«አትችይም» አልኩ።

ከጀመርኩ በኋላ መቆም አቃተኝ። «በሐምሌ ላይ፣ ብርዱ ጊዜ፣ ማገዶ ላመጣልሽ ገብቼ ነበር። ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶሻል። የምድጃውን ጋዝ ከፍተሽዋል፣ እሳቱን አልለኮስሽውም። ቤቱ ሸቷል። ዘግቼ መስኮቱን ከፈትኩና ወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺም።»

«የዚያን ቀን ራሴን ሲያመኝ ነው ያመሸሁት» አለች፣ እንደማሰብ ብላ። «ጉንፋን ነው ብዬ።»

«ይቅር በይኝ።»

ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን ሲጋጭ ይሰማል። እጇን ዘርግታ ክንዴን ፈለገች፣ መጀመሪያ ወንበሩን ያዘች፣ ከዚያ እኔን አገኘችኝ።

«አየህ፣ ነገርከኝ» አለች። «አልሞትኩም።»

ሐሙስ ዕለት የቫልማን ሻንጣ የጄኒን መኪና ላይ የጫንኩላት እኔ ነኝ።