የአባቴ ቱታ እና መከታ

የናፍጣ ሽታ በሸተተኝ ቁጥር ውሻችን መከታ ትዝ ይለኛል። ነዳጅ ማደያ ስንደርስ ሰው መስኮት ሲዘጋ እኔ ዝቅ አደርጋለሁ። ባለቤቴ «አንቺ ሴትዮ፣ ደህና ነሽ?» ይለኛል። ምን ብዬ ላስረዳው? ነገሌ ቦረና ተወልዶ፣ አባቱ የግሬደር ኦፕሬተር ሆኖ፣ በዚያ ላይ ሳይፈቀድለት እህል የማይቀምስ ውሻ ኖሮት ላላደገ ሰው ይሄ አይገባውም።

አባዬ የጎጃም ሰው ነው። ለመንገድ ሥራ ተቀጥሮ ወደ ደቡብ የወረደው በወጣትነቱ ሲሆን፣ ጓደኞቹ ሲያበሽቁት «ነገሌ ላይ አንዲት ልጅ አየና ግሬደሩን እዚያው አቆመው» ይሉ ነበር። ያቺ ልጅ እማዬ ናት። እማዬ የዚያው የነገሌ ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፣ አማርኛውንም አሳምራ ትናገራለች። ስትቆጣ ግን ሁለቱን ትቀላቅልና፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ደጀኔ ማናችን እንዳጠፋን ሳይለይ ሁለታችንም እንሸሻለን።

መከታን የሰጡን ከጓሯችን ጀርባ ፍየሎች የነበሯቸው ጎረቤታችን ኦቦ ጃርሶ ናቸው። ዳልቻ ውሻቸው ወልዳ አንዱን ቡችላ በጋቢያቸው ጠቅልለው አመጡት። እኔ ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አባዬ ቡችላውን አንገቱ ላይ ይዞ አነሳው፣ ጆሮውን አየ፣ አፉን ከፍቶ አየ፣ ከዚያ «መከታ ይባላል» አለ። እማዬ በስሙ ልትጠራው አልፈለገችም። ሳሬ ትለው ነበር፣ በኦሮምኛ ውሻ ማለት ነው። «ሳሬህ ደጄን እንዳይረግጥ» አለች አባዬን፣ እና ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። ቤቷ ወለሉ አፈር ቢሆንም በየጠዋቱ ውሃ እየረጨች የምትጠርግ ሴት ናት፤ በእኛ ሰፈር በንጽሕና የሚያህላት አልነበረም።

አባዬ ውሻ አያያዝ ያውቅበታል። ግማሹን የተቆረጠ በርሜል አጋድሞ፣ ጆንያ አንጥፎ፣ ዝናብም ፀሐይም የማይገባበት ቤት ሠራለት። ምግቡ ከሉካንዳ የሚመጣ አጥንት ተቀቅሎ፣ በመረቁ ላይ እንጀራ ተፈርፍሮ ነው፤ በርበሬ የለ፣ ጨው የለ። ውሃ በአህያ በጀሪካን እየተጫነ በሚመጣበት በጋ እንኳ የመከታ ጣሳ ደርቆ አያውቅም። የከብት ሐኪም ለክትባት የመጣ ጊዜ አባዬ ውሻውን በገመድ ይዞ ከላሞቹ መሃል ይሰለፋል። ሰው ይስቃል፤ እሱ ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል።

የእኔና የደጀኔ ድርሻ መዥገር መልቀም ነበር። የቆላ መዥገር ታውቃላችሁ አይደል? ከትምህርት ቤት መልስ መከታን ግራሩ ጥላ ሥር እናጋድመውና ጆሮውን፣ የጣቶቹን መሃል፣ የጭራውን ሥር እያገላበጥን፣ የለቀምነውን ናፍጣ ባለበት የሳርዲን ቆርቆሮ ውስጥ እንጥላለን። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ያቃስታል። ሲያልቅ ተነስቶ ሰውነቱን ያራግፍና ኩይሳውን እየዞረ ያባርረናል፤ ቀዩ አፈር ጥርሳችን ድረስ ይገባል። እማዬ በር ላይ ቆማ ወገቧን ይዛ «እናንተም ሳሬ ሆናችኋል፣ እዚያው እደሩ!» ትላለች።

አባዬ አንድ ብርቱ ሕግ ነበረው። መከታ ብላ ካልተባለ አይበላም። «ከሁሉ እጅ የሚበላ ውሻ ሌባም ያበላዋል» ይል ነበር። ሳህኑን መሬት ያስቀምጥና ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ይላል፤ መከታም ቁጢጥ ይላል። ሁለቱ ይተያያሉ። የውሻው ለሃጭ እስከ መሬት ይንጠባጠባል። በመጨረሻ አባዬ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «በል ብላ፣ የኔ ጌታ» ይላል። መከታ ያኔ ነው ሳህኑ ላይ የሚወድቀው። የሰፈር ልጆች ዳቦ እየወረወሩ ቢፈትኑት ፊቱን ያዞራል።

ልንገራችሁ፣ እኔም ደጀኔም ከአባዬ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተን አናውቅም። እኛን «ብሉ እንጂ፣ ምን ትጎለታላችሁ!» ነው የሚለን። በውሻ ቀናሁ ብል ትስቁብኝ ይሆናል። ቀንቻለሁ፣ ምን ይደረግ።

አንድ ዓመት ዝናቡ ቀረና ጅብ በዛ። የኦቦ ጃርሶን ፍየል ጨምሮ የብዙ ሰው ከብት ተበላ። ከዚያ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ሰው ለጅብ ብሎ መርዝ የገባበት ሥጋ በየጢሻው ጣለ። ጠዋት ትምህርት ቤት ልንሄድ ስንወጣ መንገዱ ዳር ውሾች ተዘርረዋል። የኦቦ ጃርሶ ዳልቻም ከመካከላቸው ነበረች። መከታ በርሜሉ ውስጥ የለም። ደብተሬን ጥዬ እየጮኽኩ ሮጥኩ፤ አባዬ ባዶ እግሩን ተከተለኝ።

ያገኘነው ቦዩ ዳር ነው። ቁጢጥ ብሏል። ፊት ለፊቱ ጭብጥ የሚያህል ቀይ ሥጋ አለ፣ ለሃጩም እየወረደ ነው። አባዬን ሲያይ ጭራውን መሬት ላይ መታ መታ አደረገ። ፈቃድ እየጠበቀ ነበር። አባዬ አንገቱን አቅፎ ግንባሩን ሳመው፣ ያውም ሰው ፊት። ከዚያ አካፋ አምጥቶ ሥጋውን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ኦቦ ጃርሶ ቆመው አዩና «የኔዋ ደግ ነበረች፣ የሰጧትን ትበላለች። ያንተ ፖሊስ ግን ተረፈ» አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ በአባዬ ሕግ የሳቀ የለም።

ታዲያ ይኸው ሕግ መልሶ ጉድ ሊሠራን ነበር።

በዓመቱ አባዬ አሬሮ አካባቢ ወዳለ የመንገድ ሥራ ካምፕ ተላከ። ለብዙ ወራት ነው። የጭነት መኪናው ላይ ሲወጣ ልጆቹን አይደለም ያለው፤ ለእማዬ «መከታን አደራ» ነበር ያላት። እሷም «ልጆችህስ?» አለችው። «እነሱ አፍ አላቸው» ብሎ ሄደ። ውሻውን ያለ እሱ እንዲበላ ማስለመድ ለካስ ትዝም አላለው።

መከታ ያን ቀን ሳህኑን አየና በር በሩን ማየት ጀመረ። በነጋታውም እንደዚያው። መጀመሪያ «ሲርበው ይበላል» ተባለ። አልበላም። እማዬ ለእኛ የማትሰጠንን ቀይ ሥጋ ሰጠችው። «ኛዱ» አለችው በኦሮምኛ፣ ብላ ማለቷ ነው። ፊቱን አዞረ። «ብላ» አለችው፤ አሁንም አዞረ። ደጀኔ ድምፁን አጎርንኖ አባዬን ለመምሰል ሞከረ፤ ውሻው እንዲያውም ታዘበው መሰለኝ፣ ተነስቶ በርሜሉ ውስጥ ገባ። ኦቦ ጃርሶ የፍየል ወተት ይዘው መጡ፤ ከአፉ አስጠግተው ጠበቁ፣ ጠበቁና ተነሱ። «ይሄ ውሻ መሞቱ ነው» አሉ። ጎድን አጥንቱ ይቆጠር ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ መሬት ላይ ተኝቶ ሳየው ሆዱ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ሩቅ ቆሜ አያለሁ። ሞቶ ባገኘውስ ብዬ ወደ ቤት መግባት እፈራ ነበር።

ካምፑ ስልክ የለውም፣ ወደዚያ የሚሄድ መኪናም እንደ ዕድል ነው። እማዬ ከእኔ የባሰ ጨነቃት። «ሰው አንድ ነገር አደራ ብሎኝ ሄዶ፣ ሲመጣ የውሻውን ሬሳ ላሳየው? በዚህ ዕድሜዬ አደራ በላ ልባል?» እያለች ትንጎራደዳለች። የመከታን ነገር ከእሷ አፍ በዚህ ዓይነት ስሰማ ገረመኝ፤ ውሻው ደጇን ረግጦ አያውቅማ።

አንድ ቅዳሜ ልብስ ልታጥብ ክምሩን ጓሮ አወጣች። አባዬ የተወው አሮጌ ሰማያዊ ቱታ ከክምሩ ውስጥ ነበር። ውሃ ልትቀዳ ዞር ስትል መከታ እየተንገዳገደ መጣ፣ ቱታውን በአፉ ጎትቶ አወጣና አፍንጫውን ብብቱ ውስጥ ቀብሮ ተኛበት። እማዬ ተመልሳ አየች። ዱላ ልታነሳ ነው ብዬ ስጠብቅ ጀሪካኑን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ማል ታቴ?» አለችው፣ ምን ሆንክ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚባለው። ከዚያ ትንሽ አሰበችና ቱታውን ቀስ አድርጋ ከሥሩ ወስዳ ወደ ቤት ገባች።

ስትወጣ እኔና ደጀኔ ግድግዳ ይዘን ቀረን። እማዬ፣ ሱሪ የምትለብስ ሴት ስታይ ፊቷን የምታዞረው እማዬ፣ ቱታውን ከነናፍጣው፣ ከነግሪሱ ለብሳዋለች። እጅጌው ተጠቅልሎ፣ እግሩ መሬት እየጠረገ። ሳህኑን ያዘች። መከታ ፊት ቁጢጥ አለች። ሳቃችን ሊያመልጠን ሲል በዓይኗ ሰነጠቀችን። ከዚያ ድምፁን ሳይሆን ንግግሩን፣ ያንኑ የአባዬን የጎጃም ዜማ ይዛ፣ ዝግ ብላ «በል ብላ፣ የኔ ጌታ» አለችው።

መከታ ቱታውን አሸተተ። ፊቷን አየ። እንደገና አሸተተ። ከዚያ አንገቱን ዝቅ አደረገና መረቁን አንዴ ላሰ፣ ደግሞ ላሰ። እማዬ ሳህኑን እንደያዘች እንባዋ በጉንጯ ወረደ። «መከታ» አለችው። ስሙን ስትጠራው ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ ቱታውን ትለብሳለች። ማጠብ የለም፤ ሽታው ከለቀቀ ውሻው መብላቱን ይተዋልና። ያቺ ንጹሕ ሴት ያንን ግሪስ የጠጣ ነገር ሚስማር ላይ ሰቅላ ወራት አስቆጠረች። አንድ ጠዋት ኦቦ ጃርሶ በአጥር ላይ ጀርባዋን አይተው «አካም፣ ኦፕሬተር! መቼ መጣህ?» አሉ። ዞር ስትል የያዙትን ዘንግ ጣሉት። «ወላሂ፣ ደመወዙንም አንቺ ተቀበይ» ብለው እየሳቁ ሄዱ። ለሰፈሩ ሁሉ እንዳወሩ ግልጽ ነው።

አባዬ ዝናቡ ሲጀምር መጣ። መከታ ወድቆበት ፊቱን ሲልሰው ቆየ። ቤት ሲገባ መጀመሪያ ያየው ሚስማሩን ነው። «ሴትዮ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ አንድ ቱታ ማጠብ አቃተሽ?» አለ። እኔና ደጀኔ ወለሉ ላይ ተንከባለልን። እማዬ «ውሻህን ጠይቀው» አለችና ወደ ማጀት ገባች። ማታ አባዬ እንደ ልማዱ ሳህኑን አስቀምጦ ቁጢጥ አለ። «በል ብላ፣ የኔ ጌታ» አለ። መከታ ከመብላቱ በፊት ዞሮ በር ላይ የቆመችውን እማዬን አየ። ራሷን ነቀነቀችለት። በላ። አባዬ ከልቡ ከፋው፤ «በቃ ወሰድሽብኝ!» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መከታ ዝናብ ሲመጣ ደጁን ረግጦ ይገባ ነበር። የሚያስገባው ማን እንደሆነ አልነግራችሁም።

መከታ አርጅቶ ሞተ፤ ግራሩ ሥር ቀበርነው። ነገሌም ባጃጅ በባጃጅ ሆናለች። እኔ ያቤሎ ነው የምኖረው። ልጆቼ ቡቺ የሚባል ውሻ አላቸው፤ ሶፋ ላይ ይተኛል፣ በሻምፖ ይታጠባል፣ ከባጃጅ ሹፌሩም ከእንግዳውም ብስኩት ይቀበላል። አባዬ አእምሮው ደህና ሳለ መጥቶ ሲያየው «ይሄ ውሻ ነው ወይስ ሁሉም የሚገባበት የማዘጋጃ ቤት መናፈሻ?» ብሎ ነበር። ቡቺ ደስተኛ ነው፤ እኔም አልከለክለውም። ግን ሰውን እንደ መከታ አድርጎ የሚጠብቅ ውሻ ከዚያ ወዲያ አላየሁም።

ዘንድሮ አባዬ በጣም አርጅቷል። አእምሮው ይሄዳል ይመለሳል፤ ይበልጡን ይሄዳል። ባለፈው ነገሌ ስሄድ እህል እምቢ ብሎ አገኘሁት። እኔ ባጎርሰው አፉን ገጠመ። ደጀኔ ለመነው፣ ተቆጣው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ማን እንደሆንን አላወቀንም። ኮቱ ሰፍቶበት፣ አንገቱ ቀጥኖ ሳየው ያ ከትምህርት ቤት ስመለስ የሚይዘኝ ፍርሃት ተመልሶ መጣ።

እማዬ ከማጀት ወጣች። ሳህኑን ከእጄ ተቀበለችኝ። ጉልበቷን ይዛ፣ እያቃሰተች፣ አልጋው ሥር ቁጢጥ አለች። ትንሽ ጠበቀችው። ከዚያ ዝግ ብላ፣ በዚያው በጎጃም ዜማ፣ «በል ብላ፣ የኔ ጌታ» አለችው።

አባዬ ፊቱን መለሰ። ለረጅም ጊዜ አያት።

«መከታስ በላ?» አለ።

«በልቷል» አለች እማዬ። «ጠግቦ ተኝቷል።»

አባዬ አፉን ከፈተ።