የመዛኙ ላፕቶፕ

የእህቴ ባል፣ ጋሼ፣ መዛኝ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የመጋዘኑ በር ላይ ካለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የጭነት መኪና መዝኗል። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ መኪናው ጭኖ ሲገባ ይመዘናል፣ አራግፎ ሲወጣ ይመዘናል፣ ልዩነቱ ይጻፋል። ችግሩ ጋሼ ይህን ዘዴ እቤቱም ይዞት መግባቱ ነው። አንድ ጊዜ ምሳ ጋብዞኝ፣ ስገባም ስወጣም ሚዛን ላይ አቆመኝ። «ስምንት መቶ ግራም፤ ደህና በልተሃል» ብሎ ሸኘኝ።

ሾፌሮቹ ያልሞከሩበት ማታለያ የለም። የሚከፈላቸው በክብደት ስለሆነ ከጭነቱ ጋር ድንጋይ ይዘው ይገቡና ግቢ ውስጥ ጥለውት ይወጣሉ። ጋሼ ይይዛቸዋል። እንዴት እንደሚይዛቸው ስጠይቀው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «እውነተኛ ጭነት ሁለት ቀን እኩል አይመዝንም። ቁጥሩ ሲመሳሰልብኝ ወርጄ ከሥር አያለሁ።» አይቶ ምንም ካላገኘ፣ ወረቀቱ ላይ «ድንጋይ የለበትም» ብሎ ጽፎ ይፈርማል።

እህቴን እታለም ነው የምላት። የመማሪያ መጽሐፍ አራሚ ናት። ኩላሊቷን ከታመመች ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ለአራት ሰዓት እጥበት ላይ ትተኛለች። ግራ እጇ ከማሽኑ ጋር ስለሚያያዝ አይነቃነቅም፤ ቀኟ ነጻ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ የጂኦግራፊ መጽሐፍ በሦስት ወር እንድታደርስ ተሰጥቷት ነበር። ካልደረሰ ለሌላ አራሚ ይሰጣል። አለቃዋ ይህን ከነገሯት በኋላ «ለነገሩ ብታርፊም ይሻልሽ ነበር» ብለው ጨመሩበት። እታለም እቤት ገብታ ቦርሳዋን ወረወረችው።

«በሽተኛ ብቻ ሆኜ አልቀርም» አለች። «እዚያ አልጋ ላይ የምሠራበት ትንሽ ላፕቶፕ ግዙልኝ።»

እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። ሱቄ ከቤታቸው ሁለት ፌርማታ ነው። ማንም አልጠየቀኝም።

ጋሼ ደብተር ገዝቶ ሦስት ዓምድ አሰመረ፤ ሜሞሪ፣ ባትሪ፣ ዋጋ። ካርቶን ላይ የተጻፈ ነገር አላምንም አለ። አንዱ ባለሱቅ «ጋሼ፣ ይኸው አሥራ አራት ሰዓት ይሠራል ይላል፤ ያንብቡት» ቢለው፣ «ሾፌርም ብዙ ይላል» ብሎ ወንበር ጠየቀ። ላፕቶፑን አስከፍቶ ባትሪው እስኪያልቅ ከፊቱ ተቀመጠ። ባለሱቁ መጀመሪያ ተናደደ፣ ኋላ ለመደው፣ በሦስተኛው ቀን ሱቁን ለጋሼ አደራ ሰጥቶ ምሳ ሄደ። ጋሼ በዚያ መሀል ሁለት ቻርጀር ሸጧል።

ሜሞሪውን የሚፈትነው በእታለም መጽሐፍ ነበር። ሜሞሪ ማለት የጠረጴዛ ስፋት ነው፤ ሲጠብ ወረቀቱን ሁሉ ባንድ ጊዜ መዘርጋት አይቻልም። እሷ ደግሞ መጽሐፉን፣ የደራሲውን ረቂቅና መዝገበ ቃላቱን ባንድ ላይ ነው የምትከፍተው። ስለዚህ ጋሼ ሦስቱንም በፍላሽ ይዞ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ያስከፍትና «ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት» ይላል። እዚያ ገጽ ላይ ትልቅ የተራሮች ካርታ አለ። ካርታው ወጥቶ እስኪያልቅ በሰዓቱ ይቆጥራል።

የመጀመሪያው ላፕቶፕ ቀጭን ነበር፤ ሜሞሪው አሥራ ስድስት ጊጋ። ካርታውን ጋሼ «አንድ» ሳይል አወጣው። ባትሪው ግን አራት ሰዓት ከሩብ ብቻ ነው፤ አልጋው አጠገብ ያለው ሶኬት ደግሞ ሁሉ ለእጥበቱ ማሽን ነው። ዋጋው የአምስት ወር ደመወዙን ይበላል። ሁለተኛው አሥራ አንድ ሰዓት ቆየ፣ ዋጋውም አንጀት ያርሳል። አራት ጊጋ ነው። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ ተራራው በከፊል ወጥቶ ቀረ። ጋሼ ለአክብሮት ያህል ሃያ ደቂቃ ጠበቀው። ሦስተኛው ስምንት ጊጋ ሆኖ ካርታውን በሰባት ሰከንድ አወጣ፤ ባትሪው ስምንት ሰዓት ከአሥር ቆየ። ክብደቱ ባንድ እጅ ይነሳል፣ ዋጋውም የሦስት ወር ደመወዝ ነው።

ሳልጠየቅ፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሦስተኛውን ግዛ አልኩት። «እናያለን» አለኝ። በስድስተኛው ሳምንት ሦስተኛውን ገዛ።

ከዚያ ደብተሩ አዲስ ሥራ አገኘ። እታለም ወደ ሕክምናው ስትሄድ ባትሪው መቶ ነው፤ ስትመለስ የቀረውን ያይና ልዩነቱን ይጽፋል። «ዛሬ ሃምሳ ሁለት ሠራሽ» ይላታል። «ዛሬ ስልሳ ሦስት።» ሰው በባትሪ ፍጆታ አይለካም ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። ሰማኝ፣ ጻፈ።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ባትሪው ላይ የቀረ አርባ አንድ ይዛ ተመለሰች። በሚቀጥለው ቀጠሮም አርባ አንድ። በሦስተኛውም አርባ አንድ። ጋሼ ጻፈው፤ ራቱን ግን በደንብ አልበላም።

በአራተኛው ቀጠሮ ሁልጊዜ ሊወስዳት ከሚሄድበት ሁለት ሰዓት ቀድሞ ሄደ። እታለም አፏን ከፈት አድርጋ ተኝታለች። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ብርሃኑ ጣራ ነክቶ ቦግ ብሏል። ድምፅ የሌለው ፊልም ይሄዳል፤ ሰዎች እየተሯሯጡ ይሳደዳሉ፣ የሚያያቸው የለም።

ጋሼ ሊወስዳት ሲመጣ ተረኛው ሌላ ስለሆነ፣ ነርሱ አላወቀውም። «ዘመድ ነዎት? አይቀስቅሷት እባክዎ» አለው። «እጥበቱ ስለሚያደክማት ገና ስንጀምር ነው የምትተኛው። ባትሪው አርባ አንድ ሲደርስ ነው ቀስቅሰኝ ያለችኝ። ባለቤቷ ይቆጥራል መሰለኝ።»

ጋሼ አመስግኖ ወጣ። ኮሪደር ላይ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ፣ በለመደው ሰዓት ተመልሶ ገባ።

«ስንት ሠራሁ?» አለችው፣ ፊቷን እየጠራረገች።

«ሃምሳ ዘጠኝ» አለና ጻፈ።

በማግስቱ ሱቄ መጣ። ሾፌር በያዘ ቁጥር እንዴት እየተፍነከነከ እንደሚያወራኝ አውቃለሁ። ያን ቀን የያዘውም ያፈረውም እሱ ነበር። «እኔ ባልቆጥር ኖሮ ትተኛ ነበር» አለኝ። «ያለ ሐሳብ ትተኛ ነበር።» ከዚያም ካወቅኩት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር ጠየቀኝ። ላፕቶፑ ጮክ ብሎ ማንበብ ይችላል ወይ አለኝ። ከፍቼ አሰማሁት። ማሽኑ የተራሮቹን ስም እያጣመመ፣ አራት ነጥብ እየጣሰ አንድ ገጽ ባንድ ትንፋሽ ጨረሰ።

«ይሄ ሚዛኑ ላይ ሳይቆም ነው የሚያልፈው» አለ ጋሼ። የዓመት ፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ሞላ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ወንበር ስቦ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። የላፕቶፑን ብርሃን ዝቅ አደረገው።

«ሥራ የለህም?» አለችው።

«ሦስት ጊዜ አርባ አንድ የሚመዝን መኪና የለም።»

እታለም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «መቼ አወቅክ?» አለች።

«በሦስተኛው።»

«በሁለተኛው ትይዘኛለህ ብዬ ነበር።»

«አርጅቻለሁ።»

«ቁጥሩን ስታይ ደስ ይልህ ነበር» አለች። «ቁጥሩን ከተውከው የምታየው እኔን ነው። ያኔ ታለቅሳለህ።»

ጋሼ አፍንጫውን ጠርጎ ገጽ አንድ መቶ ስልሳ ከፈተና ማንበብ ጀመረ። የከፍታ ቁጥር ሲያነብ እንደ ዳኛ ነው። ነጠላ ሰረዙን «ነጠላ ሰረዝ»፣ አራት ነጥቡን «አራት ነጥብ» እያለ ያነባል። እሷ ዓይኗን ጨፍና «እዚያ ጋ ተሳስቷል» ትላለች፤ እሱ ባንድ ጣቱ ያርማል። ስትተኛ ያቆማል፣ ስትነቃ ካቆመበት ይቀጥላል። የቀረው መቶ ገጽ በአንድ ወር አለቀ፤ ከቀነ ገደቡ ግን አራት ቀን አሳልፈዋል። አለቃዋ ስለ አራቱ ቀን ሲያማርሩ ቆዩና የባዮሎጂውን መጽሐፍ ሰጧት። ስለ ማረፍ አላነሱም።

ደብተሩን ያየሁት በቅርቡ ነው። ጋሼ ያነበበበት የመጀመሪያው ቀን እዚያ አለ። ሲሄድ መቶ፣ ሲመለስ ሰማንያ ሦስት፤ ልዩነት አሥራ ሰባት። ከተመዘገበው ሁሉ ትንሹ ቁጥር ነው። ከጎኑ «ድንጋይ የለበትም» ብሎ ፈርሞበታል።