ለሽበቴ ታስቦ ያነሰ ቻርጀር

ናስር ከውጭ ያዘዝኩትን የጌም ላፕቶፕ ሳይጠይቀኝ አሳንሶ አስመጣው። በደል ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ናስር ቦሳ አዲስ በሚባለው ሰፈር ኮምፒውተር የሚሸጥ ሰው ነው። እኔ የጭነት መኪና መንዳት ካቆምኩ ወዲህ መሪ የምይዘው ጌም ላይ ብቻ ነው። ለዚህ ብዬ ትልቁን ቻርጀርና አስራ ስድስት ጊጋ ራም፣ ራሴ አንብቤ መርጬ አዘዝኩ።

ዛሬ የመጣው ግን ትንሹ ቻርጀርና ስምንት ጊጋ ነው። እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞከርኩት። መኪናዬ ዳገቱ ላይ ይንቀረፈፋል፤ ቻርጀሩ ተሰክቶም ባትሪው ይወርዳል።

«ወላሂ ጋሼ፣ ለእርስዎ አስቤ ነው» አለኝ። «ትልቁ ቻርጀር እንደ ጡብ ይከብዳል። ዜና ለማየት ደግሞ ስምንት መቼ አነሰ?»

«ዜና ማን አለህ? መኪና ነው የምነዳው!»

«ሰኮሩ ድረስ ሊነዱት ነው?» ሲል ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ።

(የሰኮሩን መንገድ በጭነት ስመላለስበት እሱ ገና አልተወለደም ነበር።)

«ካከበርከኝ ያልኩህን አምጣ» ብዬ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ።

ለዕድሜያችሁ ታስቦ ትዕዛዛችሁ የተቀነሰባችሁ ካላችሁ ከታች ጻፉ፤ አነባለሁ። እኔ ግን ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አልናገርም።