ለውሻ ረጅም ገመድ የያዝኩ ቀን

ገመዱ ከእጀታው ውስጥ እየተንዘረዘረ ሲወጣ፣ ልጄን በእኔና በውሻው መካከል ቆማ አየኋት። የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ ኦቾሎኒዋን ትፈለፍላለች። ከመንገዱ ማዶ ቆሻሻ የሚጎረጉሩ ሦስት የሰፈር ውሾች ቀና አሉ። የመዳም ውሻ ወደነሱ ተወረወረ። ከጫማ ማሰሪያ የማይወፍረው ክር በልጄ ጉልበት ኋላ ዞረ። ልጄን በገዛ እጄ እንዳጠመድኳት የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

መዳም ሱዳኖች «ኸዋጃ» የሚሏት የፈረንጅ አገር ሰው ናት። «ካርቱም ሁለት» የሚባለው የካርቱም ሰፈር ነው ቤቷ፤ እኔ ሠራተኛዋ ነበርኩ። አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፀሐዩ በረድ ሲል ደግሞ ልጄን አስከትዬ ውሻውን ይዤ እወጣለሁ። «ነፋስ ይቀበል» ትላለች መዳም። «ሳጃና» በሚባለው ሰፈር አብረውኝ የሚኖሩት የአገሬ ልጆች ይሄን ከሰሙ ወዲህ እንቅልፍ ነሱኝ። «አንች፣ ጌታሽ ዛሬስ ነፋስ ተቀበሉ?» ይሉኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ምን ላድርግ? ከወሎ ድረስ በረሃ አቋርጬ የመጣሁት የውሻ ጭራ ልከተል ኖሯል።

ውሻውም የረባ ቢሆን ጥሩ ነበር። ጥጃ ያህላል፤ በር ድም ሲል ግን ይደነግጣል። መዳም መጽሐፍ ገልጣ ታስተምረዋለች። «ተቀመጥ!» ትለዋለች በቋንቋዋ፤ ይቆማል። ብስኩት ትሰጠዋለች። እኔ ከሁለተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ፤ ትምህርት ስላልገባኝ ብስኩት የሰጠኝ አንድም የለም።

በበሩ ጀርባ ሁለት ማሰሪያ ተሰቅሎ ነበር። አንዱ ወፍራም የቆዳ ጠፍር ነው፣ ሁለት ክንድ ቢሞላ ነው። ሌላው መዳም ከአገሯ ያመጣችው ጉድ ነው፤ የፕላስቲክ እጀታ ሆኖ ሆዱ ውስጥ ክር ተጠቅልሎበታል። ውሻው ሲሄድ ክሩ ይለቀቃል፣ ሲመለስ ራሱ ይሰበሰባል። ለማቆም በአውራ ጣት የሚጫኑት ቁልፍ አለው።

እኔ ረጅሙን መረጥኩ። ለሶላቴ ብዬ ነው። የውሻ ምራቅ ልብሴን ከነካ ነጃሳ ነው፤ ሰባት ጊዜ ማጠብ፣ አንዱን በአፈር። ከውሻው ተመልሼ መግሪብ እሰግዳለሁ፤ እዚያ ቤት ቅያሪ ልብስ የለኝም። በራቀ ቁጥር ንጹሕ ነኝ አልኩ። በራቀ ቁጥር ጉልበት እንደሚያገኝ የት አውቄው! ይባስ ብሎ፣ በጎተተ ቁጥር ክር ስለሚለቀቅለት መጎተትን ተማረ። መጽሐፉ ስንት ወር ያቃተውን ያ ፕላስቲክ በሳምንት አስተማረው።

የግቢው ዘበኛ፣ ሽማግሌው ገፊር፣ ነግሮኝ ነበር። «ያ ሐበሺያ፣ አንቺ ሐበሻ፣ ይሄ ክር ለዓሣ ማጥመጃ ነው። ውሻ ከጎንሽ ሲሆን ያንቺ ነው፤ አሥር እርምጃ ከራቀ የራሱ ነው። ጠፍሩን ያዢ። አጠር አድርጊው፣ ግን አትወጥሪው።»

«አንተ በርህን ጠብቅ፣ ያ ሐጅ» አልኩት። ቀኑን ሙሉ አንገሬቡ፣ የገመድ አልጋው ላይ ተጋድሞ የሚውል ሰው ስለ ውሻ ሊመክረኝ! ንቄው አለፍኩ። ልክ የነበረው ግን እሱ ነው፤ ንቀቱ ለእኔ ይገባ ነበር።

እንግዲህ ያን ቀን ቁልፉን ተጫንኩ፤ ጣቴ በላብ ተንሸራተተ። ክሩን በመዳፌ ጨበጥኩት፤ እንደ እሳት ፈጀኝ። ልጄ «እማ!» ብላ በግንባሯ ተደፋች፣ ክሩ እግሯ ላይ ጠበቀ። ውሻው ይጎትታል። ሦስቱ የሰፈር ውሾች እየጮሁ ወደኛ ይመጣሉ። እጀታውን ብለቅ ውሻው ይጠፋል፤ ውሻው ከጠፋ ሥራዬም ጠፋ። ባልለቅ ልጄ መሬት ላይ ታስራ ይደርሱባታል። ወላሂ፣ ይሄን ለማሰብ የቆምኩት ጊዜ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ለቀቅኩት።

ክሩ ላላ፤ እጀታው በልጄ እግር ዞሮ ተፈናጠረና አስፋልቱን እየደበደበ ውሻውን ተከተለው። ያ ጥጃ የሚያህል ጀግና ከፕላስቲክ ሸሸ! ጭራውን እግሩ መሀል ወትፎ ወደ ቤቱ ፈረጠጠ፤ ሦስቱም እኛን ትተው እሱን አሳደዱ።

ልጄን ታቅፌ በጎን መንገድ ሮጥኩ። አንድ እግር ነጠላ ጫማዬ እዚያው ቀረ። ገፊሩ በሩን በርግዶ «ያላ! ያላ!» ይላል። ገባን፤ የበሩን መወርወሪያ ወረወረው። ውሻው ቀድሞን መኪናው ሥር ገብቶ ይንቀጠቀጣል። መዳም እየሮጠች ወጣች።

«ውሻዬን ምን አደረግሽው?» አለች በሰባራ ዓረብኛዋ። የልጄን እግር አላየችም። መኪናው ሥር ተንበርክካ እሱን ማባበል ጀመረች።

ልጄን ቧንቧው ጋ ወስጄ እግሯን አጠብኩ። የጥርስ ምልክት ፈለግኩ፣ አገላብጬ ፈለግኩ። የለም፤ ክሩ የላጠው ብቻ ነው። በሩ ተዘግቷል፣ እኛ ውስጥ ነን። ልጄ አልተነከሰችም። ተርፈናል።